የደፋር ሰው ዕዳ

ሰው በገዛ ነፍሱ ላይ ሙሉ ሥልጣን አለውን? ብቸኛ የሆነ እንደ ሆነ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ግን ወደ እሳት ሲገባ ይዞት የሚገባው የራሱን ብቻ አይደለም።

ይህን ነገር በ1961 ዓ.ም. የወጣ «ሄልፋይተርስ» የተባለ የአሜሪካ ሲኒማ አንሥቶታል፤ ትርጓሜውም ከገሃነም ጋራ የሚታገሉ እንደ ማለት ነው። ጆን ዌይን የተጫወተው ሰው አምሳያነቱ ከቴክሳሱ እሳት አጥፊ ከሬድ አዴር የተወሰደ ነው። አዴር በአልጄርያ ምድረ በዳ በ1954 ዓ.ም. ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሲነድ የኖረውን የጋዝ ጕድጓድ ያጠፋ ነው፤ የነበልባሉም ቁመት ከመቶ ሜትር በላይ ነበረ። አጠፋፉ የሚያስደንቅ ነው። ድማሚቱን በረዥም የብረት ክንድ ወደ ጕድጓዱ አፍ አስጠግተው ያፈነዱታል፤ ፍንዳታውም አየሩን ከነበልባሉ ይነጥቀዋልና እሳቱ ይሞታል። ነገር ግን ጋዙ መፍሰሱን አይተውም፤ አፉ እስኪከደን ድረስ ከብረት የምትዘል አንዲት ፍንጣሪ ሁሉን መልሳ ልታነድደው ትችላለች። ስለዚህ ሠራተኞቹ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይልቁን ይጠነቀቃሉ።

በሲኒማው ውስጥ የእሳት አጥፊው ሚስት ባልዋን ትወደዋለች፤ ሆኖም ሞቱን በየጊዜው መጠበቅ ስላቃታት ተለይታው ኖራለች። ልጃቸው ግን የአባትዋን ረዳት አግብታ፥ እናትዋ የሸሸችውን እሳት ባልዋን ተከትላ ቆማ ታያለች። ሠሪዎቹ እናቲቱን ደካማ፥ ልጂቱን ብርቱ አድርገው ሊያሳዩ የፈለጉ ይመስላል። ፍርዱ የተጣደፈ ነው። ባልየው በእሳቱ ፊት ሳለ እጁ ሥራ ይዟልና ለፍርሃት ጊዜ የለውም፤ ሥራ የሌለው ፍርሃት ሁሉ በቤት ለቀረችው ይተርፋል። የእሳቱንም ልክ ያወቀች እርስዋ ናት። በኋላ ባል ስለ እርስዋ ብሎ ሥራውን ትቶ በቢሮ ቢቀመጥ ይሰለቻል፤ በቬኔዙዌላ እሳት ሲነሣም ይመለሳል። እንግዲህ የጠራው የሌላው ችግር ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ እሳቱንም ሳይወደው አይቀርም።

በአገራችን ከእሳት ጋራ የታገሉት እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበራቸውም። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደን ሲቃጠል ገበሬውም ተማሪውም ወታደሩም ወጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ጓሳና አስታ በነደደ ጊዜ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጥተዋል፤ አስቀድሞ የተጋፈጠው ግን የአካባቢው ሰው ነበረ። ደኑና ሣሩ፥ ምንጩና የንቡ ቀፎ የባልም የሚስትም ነውና፥ በዚህ ስፍራ ሚስት ባልዋን «ለማን ብለህ ነው?» ብላ አትጠይቀውም።

ከኦጎልቾ ወደ ጭላሎ ለሚመለከት ሰው ግን ነገሩ እንደ ገና ይከብዳል። በአርሲ ተራሮች በበጋ እረኛ ለከብቱ አዲስ ሣር እንዲበቅልለት አስታውን ይለኵሳል፤ ነፋስ በተነሣ ጊዜም እሳቱ ከእጁ ያመልጣል። ያን ጊዜ ጎረቤት መጥረቢያውን አንሥቶ ይወጣል፤ የሚወጣውም ስለ ሌላው ሰው ስሕተት ነው። ሚስቲቱ «ተው» ብትለው በፍርሃት የምትከሰስ አይደለችም፤ «ሂድ» ብትለውም ነፍሱን አልናቀችም። የለኰሰው እረኛ ግን ከሁለቱ ቃል አንዱን እንኳ ለመስማት በደጅዋ አይቆምም።