አሮጌውን ማደስና አሮጌውን መምሰል

አሮጌን ዕቃ ከወደቀበት አንሥቶ የሚያድስ ሰው ዘወትር ይመሰገናል። የፈረሰ አጥር ያቆመ፣ የተበተነ መጽሐፍ የጠረዘ፣ የዛገ መሣሪያ የወለወለ ሰው ደግ ሠራ ይባላል እንጂ በደለ የሚለው የለም። ይሁን እንጂ ማደስ የተባለው ሥራ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት እንደሚመስለው የዋህ አይደለም። አዳሹ በእጁ የያዘው የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ ሠሪው ምናልባት ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታልና ሊጠይቀው አይችልም። እንግዲህ በዚያ ጊዜ እጁ የሚሠራው ለማን ነው? ለሠሪው ነውን፣ ለዕቃው ነውን፣ ወይስ ለራሱ ምኞት? ይህን ጥያቄ ተራ በሚመስል አንድ ዕቃ፣ ይኸውም በቀድሞው የኢጣልያ የእሽቅድምድም ቢስክሌት ላይ ልንመረምረው እንወዳለን።

ቢስክሌቱ ተራ ይመስላል እንጂ ተራ አይደለም። ኤዶአርዶ ቢያንኪ በ1885 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሚላኖ ከተማ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በሰሜን ኢጣልያ ቢስክሌት መሥራት እንደ ቫዮሊን ሠሪነት የተከበረ የእጅ ጥበብ ሆኖ ኖሯል። ሠሪዎቹም ብዙዎቹ የመንገዱን ስቃይ በገዛ እግራቸው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ቱልዮ ካምፓኞሎ ራሱ ተወዳዳሪ ነበር፤ ሲነገር እንደ ኖረው በ1927 ክሮቼ ዳውኔ በተባለው ተራራ ላይ በረዶ እየወረደ ጣቶቹ ደንዝዘው የመንኰራኵሩን ዳዶ መፍታት አቃተው፤ ከዚያ ቀን በኋላ በአንድ እጅ የሚፈታ መቆለፊያ ማሰብ ጀመረ፤ በ1933ም በቪቼንሳ ፋብሪካውን አቋቋመ። ቺኖ ቺኔሊም በ1943 ከሚላኖ እስከ ሳን ሬሞ የሚደረገውን ውድድር ያሸነፈ ሰው ሲሆን ኋላ መሪና የመሪ አንገት ሠሪ ሆነ። ፋሊዬሮ ማዚ ደግሞ ቤተ ሥራውን የከፈተው ፋውስቶ ኮፒ በ1942 በአንድ ሰዓት 45.798 ኪሎ ሜትር በጋለበበት በቪጎሬሊ የውድድር ሜዳ ሥር ነበር። እኛም ብንሆን ከዚህ ጥበብ ፈጽሞ ሩቅ አይደለንም፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸውና፣ ጋራዥ የገባ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ሳያውቀው የዚያን አገር ሠራተኛ አፍ ይናገራል።

ዛሬ እነዚህ ቢስክሌቶች በብርቱ ይፈለጋሉ። ከ1997 ጀምሮ በቶስካና፣ በጋዮሌ ኢን ኪያንቲ፣ ኤሮይካ የተባለ ግልቢያ በየዓመቱ ይደረጋል፤ ለዚህም የሚፈቀደው ከ1987 በፊት የተሠራ የእሽቅድምድም ቢስክሌት ነው። ፈላጊ በበዛ መጠን ዋጋ ይወደዳል፤ ዋጋ በተወደደ መጠንም ያልሆነውን ሆንሁ የሚል ዕቃ ይበዛል። ስለዚህ አዳሹ አስቀድሞ መርማሪ መሆን ግድ ይሆንበታል።

ምርመራውም እንዲህ ያለ ነው። በቱቦው ላይ የተለጠፈውን ስም ለጊዜው ይተወዋል፤ ስም በጥቂት ገንዘብ ይገዛልና። ይልቁንስ ፔዳሎቹን የሚያዞረው ዘንግ የሚያልፍበትን ቀለበት ይለካል፤ የኢጣልያው ወርዱ 70 ሚሊሜትር፣ የእንግሊዙ 68 ሚሊሜትር ነው። የኢጣልያው ጥርስ በሁለቱም ወገን ወደ ቀኝ ሲጠብቅ፣ የእንግሊዙ በሰንሰለቱ ወገን ተገላቢጦሽ ነው። ሹካውን አውጥቶ ወደ አንገቱ ቱቦ ውስጥ ይመለከታል፤ ኮሎምቡስ የተባለው የሚላኖ ቱቦ በደህናው ዓይነቱ ከግርጌው በውስጥ በኩል እንደ ጠመንጃ አፈ ሙዝ የተጠማዘዘ መስመር ይታይበታል። ማርሽ ለዋጩን ያገላብጣል፤ ካምፓኞሎ በ1963 ሬኮርድ ያለው ከናስ ዘር ስለ ተሠራ ከባድ ነው፤ በ1967 የወጣው ኑዎቮ ሬኮርድ ከአሉሚኒየም ስለ ሆነ ቀላል ነው፤ ኋላም በጀርባው ላይ የፓተንት ዓመት ተቀርጾ ይገኛል። የመንኰራኵሩን ዘንግ በሚያጠብቀው ዳዶ ላይ እንኳ የዓመቱ ሁለት አኃዝ በጥቃቅን ፊደል ተመትቶ ይነበባል። እነዚህ ሁሉ ማንም ያያቸዋል ተብሎ ያልተሠሩ ምልክቶች ናቸው። ለመታየት ያልተሠራ ነገር ደግሞ ለመዋሸት ምክንያት የለውም።

አሁን አንድ ፍሬም ከምድር ቤት ወጣ እንበል። ምርመራው የ1960ዎቹ መጨረሻ ሥራ ነው አለ። ቀለሙ ቀይ ነው፤ ግን ቀዩ በተፋቀበት ቦታ ሰማያዊ ይታያል። ማርሽ ለዋጩ 74 የሚል ምልክት አለው። የላይኛው ቱቦ ላይ ትንሽ ጕድባ አለ። አዳሹ ምን ያደርጋል? ብዙዎቹ የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ ቀለሙን እስከ ብረቱ ይገፉታል፤ ጕድባውን ይሞላሉ፤ እንደ መጀመሪያው ሰማያዊ ይቀቡታል፤ አዲስ የታተመ ስም ይለጥፉበታል፤ የ74ቱን ማርሽ ለዋጭ አውጥተው የ68ቱን ገዝተው ያገቡበታል። በመጨረሻ ቢስክሌቱ ያበራል፤ ከፋብሪካው የዋጋ ዝርዝር ጋር ሲያስተያዩት አንዲት ስሕተት አይገኝበትም።

እኔ ግን ይህን ቢስክሌት ሐሰተኛ እለዋለሁ። ብሎኑ ሁሉ እውነተኛ ሆኖ ሳለ እንዴት? ቢባል፣ እንዲህ ያለ ቢስክሌት በአንዲት ቀን እንኳ ኖሮ ስለማያውቅ ነው። የ74ቱ ማርሽ ለዋጭ ስሕተት አልነበረም፤ አንድ ሰው የፊተኛውን ጋልቦ ጋልቦ ጨርሶ የቀየረው ነበር። ቀዩ ቀለምም ምናልባት ለወንድሙ ባወረሰው ጊዜ፣ ምናልባትም አዲስ ማኅበር በገባ ጊዜ የተቀባ ነው። አዳሹ እነዚህን በጠረገ ጊዜ ዝገትን ብቻ አልጠረገም፤ ጋላቢውን ጠረገው። በሰውየው ፋንታም ማንም ያልጋለበውን የወረቀት ቢስክሌት አቆመ።

በዚህ ላይ የሚቀርበው መልስ ቀላል አይደለም። ዝገት ታሪክ አይደለም፣ በሽታ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። ቢስክሌት የተሠራው ሊጋለብ እንጂ ሊሰቀል አይደለም ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። የተሰነጠቀ ቱቦ ሰው ይገድላል፤ ያረጀ የፍሬን ገመድ፣ የደረቀ ጎማ፣ የተበላ ኩሽኔታ ሊለወጥ ይገባዋል፤ ሠሪው ራሱ እንዲለወጥ አድርጎ ሠርቶታልና። በዚህ ከማንም ጋር ክርክር የለኝም። የሚያስቸግረኝ ቀለሙ ነው። ቤተ ሥራዎቹ ራሳቸው የተወዳዳሪዎችን ፍሬም መልሰው ይቀቡ ነበርና፣ ቀለምም እንደ ጎማ የሚለወጥ ነው የሚል ሰው ቢመጣ አፉን ዘግቼ አልሰደውም። ነገር ግን ጎማ የገጠመውን አይናገርም፤ ቀለም ይናገራል።

ከኮሞ ሐይቅ በላይ፣ በጊዛሎ ኮረብታ ላይ ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ በ1949 የቢስክሌተኞች ጠባቂ ያሏት የማርያም ቤተ ጸሎት አለች። በግድግዳዋ ላይ የኮፒና የባርታሊ ቢስክሌቶች ተሰቅለዋል። ፋቢዮ ካዛርቴሊ የተባለው ወጣት በ1995 በፈረንሳይ ዙር ውድድር ቁልቁል ሲወርድ ወድቆ የሞተበት ቢስክሌትም እንደ ተሰበረ በዚያ ይገኛል። ያንን ቢስክሌት አቃንቶ ቀለም ሊቀባው የሚያስብ አዳሽ ቢኖር ሁላችንም እንቈጣዋለን። ታዲያ በማይታወቀው ሰው ፍሬም ላይ ያለችው ትንሿ ጕድባ ከዚያ የምትለየው በምንድን ነው? ባለቤቱ ስላልታወቀ ብቻ አይደለምን?

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ጥያቄውን ያጠልቀዋል። በእሽቅድምድም ዓለም የተለጠፈው ስም ከመጀመሪያውም ሁልጊዜ እውነት አልነበረም። ጋላቢው የሚያምነው አንዱን የእጅ ባለሙያ፣ ደመወዝ የሚከፍለው ሌላው ድርጅት ሲሆን፣ ባለሙያው ሠርቶ ሲያበቃ የከፋዩ ስም ይጻፍበት ነበር። ኤዲ መርክስ በ1970ዎቹ ኡጎ ዴ ሮዛ በሠራቸው ቢስክሌቶች ሲጋልብ፣ በቱቦው ላይ የሚነበበው የዴ ሮዛ ስም አልነበረም። እንዲህ ያለ ፍሬም በእጁ የገባና ሠሪውን ያወቀ አዳሽ የውሸቱን ስም ፍቆ የእውነቱን ይጻፍበትን? አይጻፍበት እላለሁ። በአፉ ይናገር፣ በመጽሐፍ ይጻፍ፤ ብረቱን ግን ይተወው። ያ የተዋሰው ስም በዚያ ዘመን ባለሙያ እንዴት ይኖር እንደ ነበረ፣ ምስጋናውንም ማን ይወስድ እንደ ነበረ የሚመሰክር ነውና።

ማን ተጎዳ? የሚለኝ ይኖራል። ገዢው ባያውቅም ደስ ብሎታል፤ ሻጩም ተጠቅሟል። የተጎዳው ገና ያልመጣው ሰው ነው። ነገ ይህን ጥበብ ሊማር የሚነሣ ወጣት ሚዛኑን የሚወስደው ከነዚሁ ከቀሩት ፍሬሞች ነው። የ68 ቢስክሌት ምን ይመስል ነበር ብሎ ሲጠይቅ ያ የሚያበራው ሰማያዊ ቢስክሌት ይቀርብለታል፤ እርሱም ያምነዋል፤ በእርሱም ልክ እውነተኛውን ቀዩን አግኝቶ ያርመዋል። አንድ ሐሰት እንዲህ ሆኖ ምስክር ይሆናል፤ እውነተኛው ደግሞ ተከሳሽ ይሆናል።

በቢስክሌት ቱቦ ውስጥ ሐሰት ተሸክሞ የተመሰገነ ሰው መኖሩን አልዘነጋሁም። ጂኖ ባርታሊ በጦርነቱ ጊዜ ለልምምድ የሚጋልብ መስሎ በፍሬሙ ውስጥ ለሚሳደዱ አይሁድ የተዘጋጀ የሐሰት መታወቂያ ወረቀት ያመላልስ እንደ ነበረ ተመስክሮለት፣ በ2013 ያድ ቫሼም ከጻድቃን አሕዛብ ቈጥሮታል። ያ ሐሰት ግን የተሸካሚውን ነፍስ ለአደጋ ሰጥቶ የሌላውን ያድን ነበር። የኛ አዳሽ ሐሰት አደጋውን የሚያሸክመው ለሌላው ነው።

ስለዚህ አዳሹን ቀለም አትቀባ ብዬ አልከለክለውም፤ አንዳንዱ ፍሬም ካልተቀባ ይጠፋልና። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመቀመጫውን ዘንግ ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት በትንሽ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ከቀዩ ሥር ሰማያዊ እንደ ነበረ፣ ጕድባው በየት በኩል እንደ ነበረ፣ የ74ቱን ማርሽ ለዋጭ ማን እንዳወጣው፣ ቀኑንና ስሙን። ወረቀቱን በሰም ጠቅልሎ ወደ ቱቦው ይክተተው። የቱቦው ስፋት ከ27 ሚሊሜትር ያልፋል፤ ለአንዲት ወረቀት ቦታ አይጠፋበትም።