የምንወደው ቃልና የምንኖረው ኑሮ

ሰው ከሚያነባቸው መጻሕፍት መካከል አንዱን ለይቶ ይወዳል፤ ከዚያም መጽሐፍ አንድ ቃል መርጦ በልቡ ይይዛል። ሲያዝን ያን ቃል ይደግመዋል፤ ሲደሰትም ያስታውሰዋል። ልጁን ሲመክር፣ ለወዳጁ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ በሽማግሎች ጉባኤ ሲናገር ያንኑ ይጠቅሳል። ይህ የተለመደና የተመሰገነ ነገር ነው። ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልናነሣ ይገባናል። የምንወደው ቃል ኑሮአችንን የሚቀርጸው በምንድን ነው? ስለ ወደድነው ነውን? በቃላችን ስለ ያዝነው ነውን? ወይስ ከዚህ የበለጠ ሌላ ነገር ያስፈልገዋል?

በአገራችን በንባብ ቤት ሥርዓት ልጅ ፊደል ከለየ በኋላ የዮሐንስን መልእክት፣ ቀጥሎም የዮሐንስን ወንጌል፣ ከዚያም መዝሙረ ዳዊትን ይማራል። 150ውን መዝሙር አንብቦ የፈጸመ ልጅ «ዳዊት ደገመ» ይባላል። መጽሐፉ ግን ከትምህርት ቤቱ ደጅ አይቀርም። በማኅደር ሆኖ በትከሻ ይንጠለጠላል፤ ለመንገደኛ ስንቅ፣ ለብቸኛ ጓደኛ ይሆናል። ባለቤቱ ካህን ቢሆን፣ ገበሬም ቢሆን፣ ወታደርም ቢሆን፣ ለየዕለቱ የተመደበውን መዝሙር እየደገመ ዘመኑን ይፈጽማል፤ ሲሞትም ከአስከሬኑ አጠገብ ያው ዳዊት ይደገምለታል። ስለዚህ የኢትዮጵያን ክርስቲያን ከሕፃንነቱ እስከ መቃብሩ ያልተለየው መጽሐፍ ዳዊት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህ መጽሐፍ ከሌሎቹ ይልቅ እንዲህ የተወደደበትን ምክንያት ቅዱስ አትናቴዎስ ማርሴሊኖስ ለተባለ ወዳጁ በጻፈው መልእክት ገልጦታል። ቅዱስ አትናቴዎስ ለአገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ የሾመ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ነው። እርሱ እንዳስተማረው በሌሎቹ መጻሕፍት አንባቢው ሌሎች የተናገሩትንና የሠሩትን ይሰማል፤ መዝሙሩን ሲደግም ግን ቃሉ የራሱ ቃል ይሆንለታል። የሚናዘዘው እርሱ ነው፤ የሚለምነው እርሱ ነው፤ የሚያመሰግነውም እርሱ ነው። እንግዲህ መዝሙሩ የነፍሱን ሁኔታ የሚያይበት መስተዋት ነው።

ይህን ትምህርት ሰምተን ደስ ሲለን፣ ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ ደግሞ ስለ መስተዋት የተናገረውን ማሰብ አለብን። በመልእክቱ በምዕራፍ 1 ቃሉን ሰምቶ የማይሠራውን ሰው ፊቱን በመስተዋት አይቶ ሲሄድ መልኩን በሚረሳ ሰው ይመስለዋል። ሁለቱ አባቶች አይጣሉም። አንዱ መስተዋቱ ምን እንደሚያሳይ ነገረን፤ ሁለተኛው ካዩ በኋላ ምን ሊደረግ እንደሚገባ አስጠነቀቀን። ፊቱ እንዳደፈ አይቶ ሳይታጠብ የሚሄድ ሰው ከቶ ካላየው ሰው በምን ይሻላል? እንዲያውም ያላየው ሰው አላወቅሁም ለማለት ይችላል።

ሶቅራጥስ የተባለው የ5ኛው መቶ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ስለ ግብፃዊው መነኵሴ ስለ አባ ጳምቦ የሚነግረን ታሪክ ለዚህ ነገር ታላቅ ብርሃን ይሰጣል። አባ ጳምቦ ያልተማረ ሰው ስለ ነበረ መዝሙር እንዲያስተምረው ወደ አንድ ሰው ሄደ። መምህሩም የ38ኛውን መዝሙር መጀመሪያ ነገረው፤ ይኸውም ሰው በአንደበቱ እንዳይበድል መንገዱን ስለ መጠበቅ የሚናገረው ቃል ነው። አባ ጳምቦ ይህን እንደ ሰማ ሁለተኛውን ቃል ለመስማት አልቈየም፤ በሥራ ልፈጽመው ከቻልሁ ይህ ይበቃኛል ብሎ ሄደ። ከ6 ወር በኋላ መምህሩ ለምን እንዳልተመለሰ ቢወቅሰው፣ የፊተኛውን ገና በሥራ አልተማርሁም አለ። ከብዙ ዘመንም በኋላ ቃሉን ተምረኸዋልን ብለው ቢጠይቁት፣ በ19 ዓመት ውስጥ በጭንቅ ልሠራው ቻልሁ ሲል መለሰ።

19 ዓመት ለአንድ ቃል! ይህን የሚሰማ ሰው መነኵሴው ሰነፍ ነበር ሊል ይችላል። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የሆነውን እናስተውል። ወንድም ወንድሙን ሲያማ እርሱ ዝም ሊል ነው፤ ሲሰድቡት ስድብ ሊመልስ አይደለም፤ ሲያመሰግኑትም ስለ ራሱ ላይናገር ነው። አገራችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እያለች የምትተርተው የአንደበት ነገር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ስለምታውቅ ነው። ያ አንድ ቃል በአባ ጳምቦ አፍ ደጃፍ ላይ ዕለት ዕለት ዘበኛ ሆኖ ቆመ። እኛ ቃሉን በአንድ ሰዓት አጥንተን በማግሥቱ እንጠቅሰዋለን፤ ዘበኛው ግን ከደጃችን የለም።

ምናልባት አንድ ሰው፣ እንዲህ ከሆነማ አንድ ጥቅስ ይበቃናል፤ ሊቃውንት በንባብ፣ በዜማ፣ በቅኔና በትርጓሜ ቤት ዕድሜያቸውን የሚፈጽሙት በከንቱ ነውን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አይደለም። አባ ጳምቦ ሁለተኛውን ቃል አልናቀም፤ ተራውን እንዲጠብቅ አደረገው እንጂ። የትርጓሜው መምህርም አንዱን ቃል ይዞ «አንድም» እያለ ምሥጢሩን በየመንገዱ ሲያወጣ፣ ከአንድ ቃል ጋራ ረጅም ጊዜ መቀመጥን ያስተምረናል። ነገር ግን መምህሩ የቈጠራቸው «አንድም»ዎች ሁሉ ካለቁ በኋላ አንድ ይቀራል፤ እርሱም ተማሪው ወደ ቤቱ ተመልሶ ከሚስቱና ከልጆቹ፣ ከጐረቤቱና ከባላጋራው ጋራ በሚኖረው ኑሮ የሚተረጕመው ነው። ይህ የቀረበት ትርጓሜ ፍጻሜ የለውም።

የመነኰሳት አባት የቅዱስ እንጦንስም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። ወላጆቹ ከሞቱ በኋላ ገና ወጣት ሳለ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢገባ፣ ጌታችን ለባለጸጋው ጐልማሳ ያለህን ሸጠህ ለድኆች ስጥ ብሎ የተናገረው ወንጌል ሲነበብ ሰማ። ያ ወንጌል በዚያች ዕለት ለእርሱ ብቻ የተነበበ መስሎ ተሰማው፤ ወጥቶም ርስቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ የቀረውንም ሽጦ ለድኆች አከፋፈለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ356 ዓመት ካረፈ በኋላ ታሪኩን የጻፈው ያው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ እንጦንስ የሚነበበውን እጅግ አጥብቆ ያዳምጥ ስለ ነበር ልቡ በመጽሐፍ ፈንታ ሆነለት ይላል። በዚያች ቀን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያንኑ ወንጌል የሰሙ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ፤ ቃሉ አንድ ሲሆን ፍሬው በየሰሚው ልብ ተለየ። በገዳማውያን አባቶችም ነገር ውስጥ ከአንድ ወንጌል በቀር ምንም ያልነበረው ወንድም ይነገራል። ወንጌሉን ሸጦ ዋጋውን ለተራቡት ሰጠ፤ ሸጠህ ስጥ ያለኝን ቃል ራሱን ሸጥሁት አለ። ይህ መጽሐፍን መናቅ አይደለም። ብራናው ከእጁ ሲወጣ ቃሉ በእጁ ሥራ ላይ ተጽፎ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር መናገር ግድ ይሆንብናል። ቃልን ማወቅና መውደድ ብቻውን ሰውን አያድንም፤ እንዲያውም ሊያስት ይችላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈው ጠላት ጌታችንን በፈተነው ጊዜ ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሷል። የጠቀሰው ቃል እውነተኛ ነው፤ የጠቀሰበት አሳብ ግን ጠማማ ነው። ጌታችንም ከኦሪት ዘዳግም በተጻፈው መለሰለት። ከዚህ የምንማረው ቅዱስ ቃል ለገዛ ፈቃዳችን ማጽደቂያ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ራሳችንን እንመርምር። የበላይ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወደው ስለ መታዘዝ የተጻፈውን ቃል ነው፤ የበታች የሆነው ደግሞ በግፈኞች ላይ የተጻፈውን ይወዳል። አባት ለልጁ አባትህን አክብር የሚለውን ትእዛዝ ይጠቅሳል፤ በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 6 ለአባቶች የተሰጠውን፣ ልጆቻችሁን አታስቈጡ የሚለውን ምክር ግን ያልፈዋል። በድንበር ምክንያት ከወንድሙ ጋራ ተኳርፎ ዓመታትን የቈጠረ ሰው፣ ጧት ጧት የይቅርታ ጸሎት ያለበትን አቡነ ዘበሰማያትን ይደግማል። በዚህ ዘመን ደግሞ ጥቅስ በእጅ ስልክ ከሰው ወደ ሰው በቅጽበት ይላካል። መላኩ መልካም ነው። ነገር ግን ከመላካችን በፊት፣ ይህ ቃል የተጻፈው ለማን ነው? ብለን ብንጠይቅ ይገባል። የምንወደው ቃል ሁልጊዜ ጐረቤታችንን ብቻ የሚገሥጽ ከሆነ፣ ገና የእኛ አልሆነም፤ በሰው ላይ የምንወረውረው ድንጋይ አድርገነዋል።

ስለ መጽናናት የተጻፈውን ቃል የሚወድስ ሰው ይነቀፋልን? አይነቀፍም። ልጇን የቀበረች እናት እግዚአብሔር እረኛ መሆኑን በሚናገረው በ22ኛው መዝሙር ብትደገፍ፣ ማንም ሊወቅሳት አይችልም። ያ ቃል የተሰጠው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ነገር ግን መጽናናትም የራሱ ሥራ አለው። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት መጀመሪያ እንደሚያስተምረው፣ እግዚአብሔር የሚያጽናናን ሌሎችን እንድናጽናና ነው። ያች እናት ከዘመን በኋላ ልጅ ወደ ሞተባት ጐረቤቷ ሄዳ ከአጠገቧ ዝም ብላ ብትቀመጥ፣ መዝሙሩን በሚገባ ተረጐመችው።

እንግዲህ ወዳጆቻችን ሆይ፣ የምንወደውን መጽሐፍ ብቻችንን እንደ ፈለግን እንዳናጣምም ጃንደረባውን እናስብ። የንግሥት ህንደኬ ሹም የነበረው ያ ሰው በሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ታስተውለዋለህን ብሎ ቢጠይቀው አልተቈጣም፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት እችላለሁ ብሎ አጠገቡ አስቀመጠው። ከዚያም ስለ ሰማው ነገር ብቻ ተደስቶ አልሄደም፤ ውኃ ባየ ጊዜ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድን ነው አለ። መውደድ፣ መጠየቅ፣ መታዘዝ፤ እነዚህ ሦስቱ በእርሱ አንድ ላይ ተገኙ።

እኛም ዛሬ ማታ ዳዊታችንን ስንዘረጋ ከምንወዳቸው ቃላት አንዱን እንምረጥ፤ የሚያስደስተንን ሳይሆን የሚከብደንን እንምረጥ። በእርሱም የምንታረቀው ሰው፣ የምንመልሰው ገንዘብ፣ የምንተወው ክፉ ንግግር ካለ ለነገ አናሳድረው። ምናልባት 19 ዓመት ይፈጅ ይሆናል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ዛሬ ነው። ቃሉን ሰምተን የምንሠራ እንድንሆን የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት ይርዳን። አሜን።