ሰው አለው

ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና ውስጥ ስትገቡ ባዶ ወንበር ላይ ጋቢ ተጥሎ ታገኛላችሁ። «ሰው አለው» ይላችኋል አጠገቡ የተቀመጠው። ሰውየው የለም፣ ሻይ እየጠጣ ይሆናል። ጋቢውን ግን አናነሳውም።

እኛ ዕቃውንም ስፍራውንም «ወንበር» ብለን እናልፋለን። ምክር ቤቱ 547 ወንበር አለው ስንል አናጢ የሠራውን እየቆጠርን አይደለም። ድሮ እንዲያውም ዳኛው ራሱ «ወንበር» ይባል ነበር። ስፓኞች ሁለቱን ይለያሉ፦ ዕቃው «ሲያ» ነው (ኮርቻንም በዚሁ ስም ይጠሩታል)፣ ከፍለህ የምትይዘው መቀመጫ ደግሞ «አሲየንቶ»። ይህ ልዩነት ደረስጌን ሳስብ ይመጣብኛል።

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደረስጌ ማርያምን ያሠሯት ሊነግሡባት እንደነበር ይነገራል። ጳጳስ ፍለጋ ወደ ግብፅ መልእክተኛና ገንዘብ የላኩትም እሳቸው ናቸው፤ አቡነ ሰላማ እ.ኤ.አ. በ1841 መጡ። ቤቱም ቀቢውም ተዘጋጀ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ገጥመው ውቤን ማረኩ። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ጳጳስ እጅ፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ተቀቡ።

ጋቢውን አንሥተው ተቀመጡ ማለት ነው። በደል ነው?

ለውቤ የሚያዝን ሰው «ደክመው ያዘጋጁትን» ይላል፣ እኔም አዝን ነበር። ነገር ግን እሳቸው የደከሙት ለሲያው ነው። ንጉሠ ነገሥትነትን ማንም ቤት ሠርቶ፣ ጳጳስ አስመጥቶ የራሱ አያደርገውም። ደግሞስ ወንበሩ ባዶ ነበር እንዴ? አፄ ዮሐንስ ሣልሳዊ እኮ በሕይወት ነበሩ፤ ስሙ የእሳቸው፣ ሥልጣኑ የመሳፍንቱ። ሲያው ላይ ያሉ፣ አሲየንቶ የሌላቸው ንጉሥ። የውቤም ጋቢ የተጣለው ሰው ባለው ወንበር ላይ ነው።

ስለዚህ ካሣ በመቀመጣቸው አልወቅሳቸውም። የሚከብደኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። አባትየው በእስር ሲማቅቁ ልጃቸው ጥሩወርቅ የአሳሪያቸው ሚስት ሆነች። በእኛ አገር እኮ ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ ገቢውም «በእግዜር» ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። የሚነሣው መቀመጫው የእሱ ስላልሆነ አይደለም። የገባውም የሚመልሰው መቀመጥ ስላልፈለገ አይደለም፣ ቁሞ የመጣ ሰው መቼስ ማረፍ ይፈልጋል። ደረስጌ ላይ «ኖር» ያለም፣ «በእግዜር» ያለም አልነበረም።

መኪናው ሊነሣ ሲል ባለጋቢው ሻዩን ጨርሶ ይመጣል። አንድ ሽማግሌ ጋቢውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። «አባባ፣ ሰው አለው» ይላል፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ሽማግሌው ቀና ብለው ያዩትና ወደ መስኮቱ ጠጋ ይላሉ።