አይቶ ዝም ያለ ሰው ይጠየቃል?

በቂርያት ማላኺና በቤኤር ቱቪያ ፋብሪካዎች አማርኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ሩሲያኛና ዓረብኛ ተናጋሪዎች በአንድ ፈረቃ ጎን ለጎን ይሠራሉ። የማሽኑ መከለያ ተነሥቶ ሥራ ሲቀጥል ቀድሞ የሚያየው አለቃው ሳይሆን አጠገብ የቆመው ባልደረባ ነው። ይህ ሰው ዕብራይስጥ የሚያደናቅፈው፣ «ዝም አይነቅዝም» ሲባል እየሰማ ያደገና ታላቅን ማረም ነውር የሚመስለው አባት ቢሆንስ? አይቶ ዝም ካለና ባልደረባው እጁን ካጣ፣ በፈጣሪ ፊት ተጠያቂ ነው?

ኦሪት ኃላፊነቱን ለሁለት ታካፍላለች። ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅበት ለጣራው መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ይህ የባለቤቱ ዕዳ ነው። ዘሌዋውያን 19፥16 ደግሞ ባልንጀራ ሲጠፋ ቆሞ ማየትን ይከለክላል፤ ይህ የሁሉም ዕዳ ነው። የታልሙድ ሊቃውንት ትእዛዙን ሲያብራሩ፣ ጎረቤቱን ወንዝ ሲወስደው ያየ ሰው የማዳን ግዴታ አለበት ብለዋል።

ነገር ግን ተናጋሪ ሰሚ ይፈልጋል።

ከቂርያት ማላኺ ብዙም በማትርቀው ያቭኔ፣ ቤተ መቅደሱ በ70 እ.ኤ.አ. ከፈረሰ በኋላ ሊቃውንት ጉባኤ ዘርግተው ነበር። ታልሙድ እንደሚተርከው የጉባኤው አለቃ ረባን ገማልያል፣ በሐሳብ የተለየውን ረቢ ኢያሱን በሰው ሁሉ ፊት አቁሞ ትምህርቱን ቀጠለ። ጉባኤተኛው አጉረመረመ፤ አለቃውንም ከሹመቱ አወረደው። የበር ጠባቂው ተነሣ፣ መግባት ለሁሉም ተፈቀደ፣ በመቶ የሚቆጠር አግዳሚ ወንበርም ተጨመረ። በዚያ ቀን ሳይፈታ የቀረ ጥያቄ አልነበረም ይላል ታልሙድ። ገማልያል ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ኢያሱ ቤት ሲሄድ ግድግዳው ጠቁሮ አገኘው፤ ሊቁ በከሰል ወይም በብረት ሥራ እንደሚተዳደር ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ኢያሱም የሊቃውንቱን ችግር የማያውቅ መሪ ላለው ትውልድ አዘነለት።

ይህ ታሪክ የቤተ እስራኤልን ልጆች በቅርብ ይነካቸዋል። በጎንደር አባቶቻቸው ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ ሲያወጡ፣ እናቶቻቸው ሸክላ ሲሠሩ፣ ጎረቤት በሥራቸው እየተጠቀመ ሠሪዎቹን ግን ይንቅ ነበር። የተናቀ ሰው ያየውን አደጋ በቀላሉ አይናገርም።

የዝምታ ዋጋ በመጋቢት 1977 እ.ኤ.አ. በቴኔሪፌ ደሴት ታይቷል። ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ከግጭቱ ጥቂት ሰከንዶች በፊት የአንደኛው፣ የኬኤልኤም አውሮፕላን፣ የበረራ መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ወጥቶ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ዋና አብራሪው ወጥቷል ብሎ አለፈው፤ መሐንዲሱም አልደገመም።

የእስራኤል ሕግም የሠራተኛው ድምፅ መሰማት እንዳለበት ከግምት አስገብቷል። በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥራ ቁጥጥር ሕግ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የአሠሪና የሠራተኛ ተወካዮች እኩል የሚቀመጡበት የደኅንነት ኮሚቴ እንዲቋቋም ያዛል። የ1999 እ.ኤ.አ. ደንብ ደግሞ አሠሪው ስለ አደጋው ማስረዳቱ ብቻ እንደማይበቃ፣ ሠራተኛው መረዳቱንም ማረጋገጥ እንዳለበት ይደነግጋል።

እንግዲህ አይቶ ዝም ያለ ይጠየቃል፤ ከእርሱ በፊት ግን ዝም ያሰኘው ይጠየቃል። ዕብራይስጥ የሚቀናችሁ ወጣት ሠራተኞች፣ ፈረቃ ከመጀመሩ በፊት አጠገባችሁ ያሉትን አባትና እናት ምን እንዳዩ በአማርኛ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም በስማቸው ለኮሚቴው አድርሱላቸው።