መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም

ነርስ ነኝ። በደም ካንሰር ክትትል ክፍል ውስጥ አዘውትሬ የምሰማው ልመና «ሲስተር፣ እባክሽ እንዳትነግሪው» የሚለው ነው። ልጅ ስለ አባቱ፣ ሚስት ስለ ባሏ ቀድመው በሩ ላይ ይደርሱና ካርዱን እያቀበሉኝ በሹክሹክታ ይማጸኑኛል። ታካሚው ከኋላ ቀስ እያለ ይመጣል። ጣፊያው አብጦ ሆዱን ወጥሮታል፣ ከስቷል፣ ሌሊት ሌሊት ያልበዋል። የሚያውቀው ግን «ደም ማነስ ነው» የተባለውን ብቻ ነው።

ይህን ልማድ ድንቁርና የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ እንዲያ አልለውም። ቤተሰቡ የሚደብቀው ስለሚወደው ነው። ሰው ተስፋ ከቆረጠ ከበሽታው በፊት ሐሳብ ይገድለዋል ብለው ይፈራሉ። ነገ የእግዚአብሔር ሆኖ ሳለ ሐኪም ለምን ቀድሞ ይፈርዳል ይላሉ። ነገሩ የእምነት ጥያቄ ነውና ስለ ታካሚ መብት ግድግዳ ላይ ወረቀት በመለጠፍ አይመለስም። ለምንወደው ሰው እውነትን መከልከል ምሕረት ሊሆን ይችላል ወይ?

መልሴን ያገኘሁት ከመርዶ ነው። በእኛ ዘንድ እናቱ የሞተችበት ሰው በወጉ ቢሆን በስልክ አይረዳም። ዘመድ ይጠራራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ደጁን ያንኳኳሉ። አንዲት ቃል ከመውጣቷ በፊት ደግፎ የሚይዘው ሰው በግራና በቀኙ ይቆማል። አባቶቻችን እውነቱን ለዘለዓለም አልሸሸጉም፤ ብቻውን ባለ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው የተጠነቀቁት። «እንዳትነግሪው» የሚለኝ ልጅም የሚፈራው የሚያስፈራውን ነገር ነው፤ ወረፋ በበዛበት ክፍል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ቆሞ የሚነገርን «ካንሰር»። ይህን እኔም እፈራዋለሁ። ግን መድኃኒቱ ሰው መሰብሰብ ነው እንጂ ዝምታ አይደለም። ታካሚዎች፣ አስታማሚዎችና ሐኪሞች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ስለ በሽታው የሚማማሩበትን ጉባኤ ከሕክምናው ለይቼ የማላየው ለዚህ ነው።

እዚያ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሐኪሟ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ፣ ባጭሩ ሲኤምኤል፣ ከየት እንደሚመጣ ታስረዳለች። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ ፊላደልፊያ ውስጥ በታማሚዎች የደም ሕዋስ ላይ ከልክ በላይ ያጠረ ክሮሞዞም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ ነገሩ የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ በመለዋወጣቸው የመጣ መሆኑን አሳየች። የዓለም የሲኤምኤል ቀን በፈረንጆቹ 9ኛ ወር በ22ኛው ቀን የሚታሰበው ከዚህ የተነሳ ነው፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 12 ይውላል። ይህ ለውጥ ከወላጅ አይወረስም፣ ለልጅም አይተላለፍም። ሐኪሟ ይህን ስትናገር የእናቶችን ፊት አያለሁ። ብዙዎቹ «በማን ኃጢአት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለዓመታት ብቻቸውን ተሸክመውት ኖረዋል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ያነሡት ጥያቄ ነው፤ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ጌታ የሰጠውን መልስ የማያውቅ የለም፣ ግን ለራስ ሲሆን መቀበል ይከብዳል።

ከዚያ አንድ ገበሬ ይነሣል። ክኒኑን መዋጥ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። «ልጄን የዳርኩት ከታመምኩ በኋላ ነው» ይላል፤ ይቀመጣል። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች አዲስ ታካሚ ዞራ ታየዋለች። እኔ ነጭ ጋዎን ለብሼ ይህንኑ ብላት አታምነኝም ነበር።

ክኒኑ ኢማቲኒብ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ ወደ እኛም ማክስ ፋውንዴሽን በሚባለው ድርጅት በኩል በነጻ መጥቶ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለታካሚዎች ሲታደል ኖሯል። በአብዛኛው በቀን 400 ሚሊግራም፣ ከምግብ ጋር፣ በብዙ ውኃ ይወሰዳል። ጣፊያው ይመለሳል፣ ሰውየው ወደ ሥራው ይገባል። አደጋው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ደም ማነስ ነው የተባለ ሰው ሲሻለው ለምን ይውጥ? እ.ኤ.አ. በ2010 ከለንደኑ ሀመርስሚዝ ሆስፒታል የወጣ ጥናት 87 ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። መድኃኒታቸውን ከ90 በመቶ በላይ በትክክል ከወሰዱት ውስጥ በስድስት ዓመት በሽታው በሞለኪውል ደረጃ በእጅጉ የቀነሰላቸው 94.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከዚያ በታች ከወሰዱት ግን 28.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በወር ሦስት አራት ቀን መዝለል ማለት እኮ ነው! ለታካሚው ታስቦ የተደበቀው ስም እሱኑ ይጎዳዋል።

በጾም ወራት ክኒን መዝለሉ ይበረታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ክኒኑን በባዶ ሆዱ ውጦ ያቅለሸልሸዋል፣ ወይም ይተወዋል። ጸበል የገባም «ከመድኃኒት ጋር አይቀላቀልም» ተብሎ ሳምንታት ያቋርጣል። ስለዚህ ጉባኤው ላይ ካህን እንዲገኝ ሁልጊዜ እለምናለሁ። ሐኪሟ ክኒኑን ጾም ከሚፈታበት ማዕድ ጋር ማድረግ እንደሚቻል ትነግራቸዋለች፤ ረመዳን ለሚጾሙትም ሲያፈጥሩ። ቄሱ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ይጠቅሳሉ፤ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የሚያስተምር፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው ነው። ሁለቱ አንድ መድረክ ላይ ሲስማሙ ያየ ሰው ቤቱ ሄዶ መምረጥ አይገደድም።

የደም ካንሰር ሁሉ እንዲህ በክኒን የሚገታ አይደለም። አጣዳፊው ሉኪሚያ በሳምንታት ውስጥ ሰው ሊወስድ ይችላል፤ እዚያ ገበሬው የተናገረውን የሚናገር ላይገኝ ይችላል። ታዲያ እንዲህ ላለው ዝም ይባል? እኔ ይልቁን ለእሱ እውነቱ የበለጠ ይገባዋል እላለሁ። ምእመን የሚፈራው ሞትን ብቻ አይደለም፣ ሳይዘጋጁ መሞትን ነው። ንስሐ አባቱን ማስጠራት፣ መቁረብ፣ የተጣላውን ይቅር ማለት፣ ዕዳውን መናገር፣ ለልጆቹ መናዘዝ ጊዜ ይፈልጋሉ። «ትድናለህ፣ ቀላል ነው» እያልን ይህን ጊዜ ስንወስድበት ምሕረት አደረግን ማለት አልችልም። ከቤተሰቡ የሚበልጥበት ነገር አለው፤ ከአምላኩ ጋር የሚያወራው የራሱ ጉዳይ አለ፣ በዚያ መካከል ለመግባት ማንም ሥልጣን የለውም።

አስታማሚውስ? ምሥጢሩን የያዘው እሱ ነው፤ አልቅሶ ፊቱን ታጥቦ እየሳቀ የሚገባው። ከጉባኤው በኋላ አንዱ «ዛሬ ከአባቴ ጋር አወራን» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

እንግዲህ ቤተሰቦች፣ የምትወዱትን ሰው ብቻውን እንዳትነግሩት፤ ይዛችሁት ኑ፣ አብራችሁት ተቀመጡ። ንስሐ አባቶች፣ የአንድ ቀን ከሰዓት ስጡን። የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ የምንጠይቃችሁ አዳራሽ፣ ወንበርና አንድ ሐኪም ነው፤ መስከረም 12 ደግሞ በየዓመቱ ይመጣል።