ስለ ዝባድና ስለ ባለ ዕዳዎቹ

ሰው መልካም መዓዛን መውደዱ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን የመዓዛው ዋጋ በማን ሥጋ እንደ ተከፈለ መጠየቅ ለአስተዋይ ሰው ይገባዋል። ለዚህም በአገራችን ከሚገኘው ከዝባድ የቀረበ ምሳሌ የለም።

ዝባድ ማለት ጥርኝ የተባለው አውሬ ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት የሚያወጣው ቅባት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከእናርያና ከከፋ በቀንድ ታሽጎ ወደ ጎጃም ገበያ፣ ከዚያም እስከ ምጽዋ ይወርድ ነበር፤ ለአውሮፓ ሽቱ ቀማሚዎችም ዝባድን ይልቁን ስትልክ የኖረች ኢትዮጵያ ናት።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ወንዱ ጥርኝ ከዱር ተይዞ፣ መዞር እንኳ በማያስችለው ጠባብ የእንጨት ሣጥን ይዘጋበታል፤ ሥጋና ገንፎ እየተመገበ እሳት በሚነድበት ጎጆ ይኖራል። ዘጠኝ ዐሥር ቀን ባለፈ ቍጥር ጅራቱና የኋላ እግሮቹ በእንጨቱ መካከል ተስበው ይያዛሉ፤ ቅባቱም በማንኪያ ይፋቃል።

አሁን አንድ ነገር ልብ እንበል። ዝባድ እንደ ወጣ ሽታው አፍንጫ ያስይዛል፤ መዓዛው የሚጣፍጠው እጅግ ሲቀጥን ነው። በደልም እንደዚሁ ነው። ባለ ጥርኙ «ልጆቼን አሳድግበታለሁ» ይላል፤ ነጋዴው «ገዝቼ እሸጣለሁ እንጂ አውሬ አላሰርሁም» ይላል፤ ሽቱውን የሚቀባው ግን ጥርኝ የሚባል አውሬ መኖሩንም አያውቅ። ዕዳው ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ለያንዳንዱ ይቀልለታል፤ ከታሰረው ላይ ግን አንዲት ቀን አይቀነስለትም።

«እንግዲያስ አለመግዛት ነው» የሚል ይኖራል። በክሮኤሽያ የተወለደው የኬሚስትሪ ሊቅ ሩዚችካ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1926 የዝባድን መዓዛ መሠረት ከገለጠ ወዲህ በሰው ጥበብ የሚሠራ ምትክ ተገኝቷል፤ ስመ ጥሩው የፈረንሳይ ሽቱ ቤት ሻኔልም ከ1998 ጀምሮ በምትኩ እንደሚሠራ አስታውቋል። ይህ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ገዢው እጁን ታጥቦ ሲሄድ ድኻው ባለ ጥርኝ ከነዕዳው ብቻውን ይቀራል። በጣፋጩ ተካፋይ የነበረ ሁሉ በመራራውም ሊካፈል ይገባዋል፤ ይኸውም ባለ ጥርኙ ሣጥኑን የሚያሰፋበትን ወይም ሌላ እንጀራ የሚያገኝበትን ገንዘብ በማዋጣት ነው።

ጥርኝ በዱር ሳለ በዛፍ ግንድና በድንጋይ እየታከከ ዝባዱን ራሱ ይቀባል፤ ማንም አላስገደደውም። ያን መልቀም ያደክማል፤ የሚገኘውም ጥቂት ነው። እንግዲህ በፈቃድ ከሚሰጠው ጥቂት ይልቅ በግድ የሚወሰደውን ብዙ ያስመረጠን ምን እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ ራሱን ይመርምር።