ለአባትህ ተዝካር ስትሄድ

ልጄ፣ የአባትህን የአርባ ቀን ተዝካር ልታወጣ ወደ ደቡብ ጎንደር፣ ወደ ወገዳ እንደምትወርድ ሰማሁ። እግዚአብሔር ያጽናህ። ጠላውን የሚጠምቅ፣ ዳሱን የሚጥል፣ ካህናቱን የሚጠራ ዘመድ ስላለህ በዚያ በኩል የምጨምረው የለኝም። የምመክርህ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘህ እንድትሄድ ነው።

አባትህን የሚያውቁት ሁሉ አንድ ላይ የሚቀመጡት በዚያ ቀን ነው። በሬ አቀናጅቶ አብሮት ያረሰው፣ ክርስትና ያነሳው ልጅ፣ ጽዋ ሲጠጡ የኖሩት የማኅበር ወንድሞቹ፣ የንስሐ አባቱ ሁሉም ይመጣሉ። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ከእነዚህ ማን እንደሚቀር ፈጣሪ ያውቃል። ከተማ ያለ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ አሳድጎ ያሳትማል፣ ቪዲዮ ያስቀርጻል፤ የሕይወት ታሪክ ተብሎ የሚነበበው ደግሞ «ደግ፣ ሃይማኖተኛ፣ ለቤተሰባቸው አሳቢ ነበሩ» የሚል ነው። ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የየትኛውም ገበሬ ታሪክ ሊሆን ይችላል። አባትህ በምን በምን ደግ እንደነበረ ካልጻፍክ ልጆችህ አያታቸውን ሳያውቁት ይቀራሉ።

መጀመሪያ የክርስትና ስሙን ጠይቅ። በፍትሐቱም በቅዳሴውም ካህናቱ የሚጠሩት እሱን ነው፤ መታወቂያው ላይ ያለውን አይደለም። ካህኑ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ሲሉ እርስ በርሱ የሚተያይ የከተማ ልጅ ብዙ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

የተወለደበትን ዓመት የሚነግርህ ብታጣ አትጨነቅ። በአገራችን ዕድሜ የሚቆጠረው ሰው ባለፈበት ዘመን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬቱ አዋጅ ሲታወጅ አግብቶ ነበር ወይስ ገና እረኛ ነበር? በሰባ ሰባቱ ድርቅ ምን በልተው ከረሙ? ከቤቱ የተሰደደስ ነበር? በ1989 በክልላችን የተደረገው የመሬት ድልድል ደርሶት ከሆነ፣ ተጨመረለት ወይስ ተቀነሰበት? ሁመራ ወይ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደበት ዓመትስ አለ? የመሬት ደብተሩንም አስወጥተህ ተመልከተው። በእኛ ክልል ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቷቸው ይሰፍራል፤ ስለ ብዙ ገበሬ በጽሑፍ ያለው ይኸው ብቻ ሊሆን ይችላል። ማሳዎቹን ከነአዋሳኞቻቸው ገልብጥና ሽማግሌዎቹን ስለ እያንዳንዳቸው ጠይቅ።

ስለ ሃይማኖቱ ስትጽፍ «ይጾም ነበር» ብለህ እንዳታልፈው። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ያ ወቅት ጎተራው የተሟጠጠበት፣ የተዘራው ገና አረም የሚለቀምለት፣ ዝናቡ የማያባራበት ነው። እኔ ጾም ምን እንደሆነ የተማርኩት አባቴን እርፍ እንደጨበጠ በማየት ነው። ቁርስም ምሳም አልፎ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ እግሩ ከጭቃው እየታገለ ትልሙን አያጣምም ነበር። በሬዎቹን ግን እየፈታ ሣር ያስነጫቸው ነበር፤ «ጾሙ የኔ ነው፣ የእነሱ አይደለም» ይል ነበር። ከስብከት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ያንተ አባትስ? በየወሩ በ12፣ በ21፣ በ29 ሞፈር ቀንበር ሳይነካ ሲውል ቀኑን በምን ያሳልፈው ነበር? የታመመ ይጠይቅ ነበር? የተጣላ ያስታርቅ ነበር? የትኛውን ቅዱስ ይዘክር ነበር? ያን ዝክር የጀመረው ከምን ስለት ነው? የንስሐ አባቱ የኑዛዜውን ምስጢር አይነግሩህም፤ ሊነግሩህም አይገባም። አውድማው ላይ ለቤተ ክርስቲያን ስለሚለየው እህል ግን ይነግሩሃል።

ያ አገር የሊቃውንት አገር መሆኑንም አትርሳ። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም በጋይንት ናት፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባም በዚያው በደቡብ ጎንደር ነው። ከየአገሩ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የሚቆመው በገበሬ ደጅ ነው። ትምህርቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የመምህራኑ ስም በቃል ይቆጠራል፤ በክፉ ዓመት ከልጆቹ ድርሻ ቆርሶ ተማሪውን ያጎረሰው ገበሬ ግን የሚቆጥርለት የለም። የያሬድ ዜማ እስከ ዛሬ የዘለቀው በእሱ እንጀራም ጭምር ነው። ከእናንተ ደጅ የበላ ተማሪ ዛሬ የየትኛው ደብር መሪጌታ ሆኖ ይሆን? እናትህን ጠይቃት፣ ስሙን ታስታውስ ይሆናል።

የከረረበትንም ጠይቅ። በድንበር ከማን ጋር ተካሰሰ? ማን አስታረቃቸው? ልጆቹን በምን ይቆጣ ነበር? ከባላንጣው አፍ የሰማኸው ምስክርነት ከወዳጅ ሙገሳ ይልቅ ይታመናል።

ስለ ድግሱ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የእርሻ በሬ እንዳታሳርድ። ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው የምትፈልገው ጸሎትና ምጽዋት ነው፤ የቀረው ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ እንዲገባ አይደለም። ብዙ ሰው በአንድ በሬ በመቀናጆ በሚያርስበት አገር በሬ ማረድ የመጪውን ዓመት እህል ማረድ ነው። ለድሆች የሚሆን እንጀራና ወጥ ይበቃል። «ሰው ምን ይለናል?» የሚል ዘመድ ቢነሳ እኔ እንደከለከልኩህ ንገረው።

ለቤተሰቡ እንዴት ያለ ሰው እንደነበረ ግን ከእናትህ ሳትሰማ አንድ መስመር እንዳትጽፍ። አንተ ከታናናሾችህ ጋር ተኝተህ ሳለህ ሌሊት የሆነውን የምታውቀው እሷ ናት። ስትወልድና ስትታመም እንስራውን ማን እንደተሸከመ፣ ለትምህርትህ ምን እንደተሸጠ፣ ሲሸጥም ሁለቱ እንዴት እንደተመካከሩ ጠይቃት። እንግዳው በተበተነ ማግሥት ብቻዋን አስቀምጠህ የጻፍከውን አንብብላት፤ ያጎደልከውን ትጨምርልህ፣ የተሳሳትከውን ታርምህ። ከዚያ በኋላ አንዱን ቅጂ ለንስሐ አባቱ፣ አንዱን እርሻው ላይ ለቀረው ወንድምህ ስጥ።